አዲሱ ስልክ ዋይፋይ አልገባም ሲል

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር። ለተገኙት ማስታወሻ፣ ላልተገኙት ማንበቢያ እንዲሆን በሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



የቦዩ ጠረጋና የመዋጮው ጉዳይ ከእኔ በፊት በተናገሩት ስለተነሣ ወደዚያ አልመለስም። ለእኔ የደረሰኝ አጀንዳ የዋይፋይ ነገር ነው። ሊቀ መንበራችን «አንድ ጊዜ ሰብስበህ ንገራቸው፤ አለዚያ ሌሊት ሌሊት በርህ ሲንኳኳ ልታድር ነው» ስላሉኝ ይኸው ቆሜያለሁ።

እንደምታውቁት እኔ ትምህርቴ 6ኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ አልልም። ነገር ግን በየቤቱ ራውተር ሲተከል እየተጠራሁ ስገባ ስወጣ ያየሁት ብዙ ነው። ያልገባኝን ደግሞ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩትን የሠፈራችንን ልጆች እየጠየቅሁ ተረድቻለሁ። ራውተር ስል ያንን አንቴና ያለውን፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለውን፣ እኛ በልማድ «ዋይፋዩ» የምንለውን ዕቃ ማለቴ ነው።

ታዲያ ይህ የስብሰባ አጀንዳ የሚሆነው ለምንድን ነው? የሚል ሊኖር ይችላል። አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት እናታችን ልጃቸው ከዓረብ አገር ሠርታ አዲስ ስልክ ላከችላቸው። ስልኩ ዋይፋይ አልገባ አለ። ወስደው ለአንድ ጠጋኝ ሲያሳዩት «ቦርዱ ተቃጥሏል» አላቸው፤ በግማሽ ዋጋ እንኳ በማይሞላ ገንዘብ ጥለውት መጡ። ስልኩን የገዛው ጎረምሳ በሳምንቱ እየተጠቀመበት አገኘሁት። ምን አድርገህ አሠራኸው? ብለው፣ የፊደል ሰሌዳውን ከዓረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ቀየርኩት፣ ሌላ ምንም አልነካሁም አለኝ። የልጅቱ ድካም በዚህ ሄደ። እንዲሁም በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች «ፓስወርዱን ደብቀህ ቀየርክብኝ» ተባብለው ሰላምታ አቋርጠው ነበር። ፓስወርዱን ግን ማንም አልነካውም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ስለዚህ ነገሩ የስልክ ነገር ብቻ አይደለም።

እንግዲህ መጀመሪያ መያዝ ያለበት ነገር ይኼ ነው። «ዋይፋይ አልሠራም» የሚባል አንድ በሽታ የለም። ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው በአንድ ስም የምንጠራው። አንደኛው፣ አዲሱ ዕቃ የቤታችሁን ዋይፋይ ስም ጨርሶ አያየውም። ሁለተኛው፣ ስሙን ያየዋል፣ ግን አላስገባም ይላል። ሦስተኛው፣ ገብቷል፣ ምልክቱም በርቷል፣ ግን ምንም አይከፍትም። ሰው ቤት እንግዳ ሲመጣ በሩን ማጣት፣ በሩ ላይ መከልከልና ገብቶ ምሳ አልደረሰም መባል እንደሚለያዩ ማለት ነው። እኔን ስትጠሩኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው፤ ከሦስቱ የትኛው ነው? ብዙዎቻችሁ ግን አይታችሁ አትጠብቁኝም።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለት ሙከራ አለ፤ ገንዘብ አያስወጣም። በቤቱ ያለው አሮጌው ስልክ በዚያው ዋይፋይ ይሠራል ወይ? አዲሱ ስልክስ በሌላ ሰው ዋይፋይ፣ ካልሆነም ከጎረቤት ስልክ በሚከፈት ሆትስፖት ይገባል ወይ? አሮጌው የሚሠራ ከሆነ መስመሩ ደኅና ነው። አዲሱ ሌላ ቦታ የሚገባ ከሆነ ስልኩ አልተቃጠለም፤ ማንም «ቦርድ» ቢላችሁ አትስሙት። የቀረው የሁለቱ አለመግባባት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በሴቲንግ ይስተካከላል። ያቺ እናታችን ይህችን ሙከራ የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ ስልኩ ዛሬም በእጃቸው ነበር።

አሁን ስሙን የማያየውን ልውሰድ። ዋይፋይ በአብዛኛው በሁለት ዓይነት ሞገድ ይናገራል፤ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ይባላል። 5 የሚባለው ፈጣን ነው፣ ግን ሩቅ አይሄድም፤ ግድግዳም አይወድም። 2.4 ዝግ ያለ ነው፣ ግን ሩቅ ይደርሳል። ርካሽ ስልኮች፣ ፕሪንተሮችና አሁን በየሱቁ በር ላይ የምትሰቅሏቸው ካሜራዎች አብዛኞቹ 2.4ን ብቻ ነው የሚሰሙት። ራውተሩ 5ን ብቻ እንዲያሰራጭ ተደርጎ ከሆነ ለእነሱ የለም ማለት ነው። ሁለቱም በአንድ ስም የሚሰራጩ ከሆነ ደግሞ ካሜራው መጀመሪያ ሲገጠም ግራ ይጋባል፤ ምክንያቱም የምትገጥሙበት ስልክ በ5 ላይ ሆኖ ካሜራው በ2.4 ላይ ይፈልገዋል። መድኃኒቱ ለሁለቱ ሁለት ስም መስጠት ነው። ካልሆነም ካሜራው እስኪገባ 5ን ለጊዜው አጥፍቶ ኋላ ማብራት ነው።

ሌላው ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ነው። የ2.4 ሞገድ በውስጡ እንደ መንገድ ተራ ቁጥር አለው፤ ቻናል ይሉታል። በብዙ አገር ከ1 እስከ 13 ይሠራበታል፤ ለአሜሪካ የተሠሩ ዕቃዎች ግን ብዙዎቹ ከ11 በላይ አይሄዱም። ራውተራችሁ 12 ወይም 13 ላይ ከተቀመጠ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ላፕቶፕ አጠገቡ ተቀምጦ እንኳ አያየውም። የሚያስገርመው ደግሞ ትናንት ይታይ የነበረው ዛሬ መጥፋቱ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በክልላችን በጉባ ወረዳ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ደስ ብሎናል። ቢሆንም በየቤታችን መብራት መሄዱና መምጣቱ የለመድነው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ራሱ «ዛሬ የትኛው ቻናል ይሻላል?» ብሎ ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ ቻናሉን 1 ወይም 6 ወይም 11 ላይ አስሮ መተው ይሻላል።

ቆርቆሮም አለ። የቀርከሃና የጭቃ ግድግዳ ለዋይፋይ ብዙም አይከብደውም፤ ቆርቆሮ ግን ሞገዱን ይመልሰዋል። ራውተሩን በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ አስቀምጣችሁ ከጓሮ ከማንጎው ጥላ ሥር ሆናችሁ አልመጣም ብትሉ የሞገዱ ጥፋት አይደለም። በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው የሚያስቀምጡም አሉ፤ ሌባ ፈርተው ነው፤ ይገባኛል። ግን ከፍ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ስሙን አይቶ አላስገባም ወደሚለው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ከዚህ ናቸው።

ፓስወርዱ ትክክል ነው ትሉኛላችሁ። የፊደሉ ስም ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ለራውተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ዜሮና «ኦ»፣ አንድ ቁጥርና ትንሿ «ኤል» ይመሳሰላሉ። ስልኩ በራሱ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ የሚያደርግበት ጊዜ አለ፤ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ የሚጨምርበትም አለ። በምትጽፉበት ሳጥን አጠገብ የዓይን ሥዕል አለች፤ እሷን ስትነኩ የጻፋችሁት ይታያል። በነጠብጣብ ተሸፍኖ አምስት ጊዜ ከመሞከር አንድ ጊዜ ገልጦ ማየት ነው። ፓስወርድ ከ8 ፊደል ማነስ የለበትም፤ ከዚያ ካነሰ የመግቢያው ቁልፍ ራሱ አይበራም።

ከዓረብ አገር የመጡ ስልኮች ጉዳይ ለእኛ ከተማ የተለየ ነው። ሜኑአቸው ዓረብኛ ሆኖ ይመጣል፤ በርታኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችንና ዓረብኛ የሚያነቡ አባቶቻችን ደስ ብሏቸው እንዲሁ ይጠቀሙበታል፤ ደኅና ነው። ችግሩ የፊደል ሰሌዳው ዓረብኛ ሲሆን ቁጥሩም የዓረብ ቁጥር ሆኖ ሊጻፍ መቻሉ ነው። ለእኛ ሦስት ያው ሦስት ነው፤ ለራውተሩ ግን ያ ሦስት ሌላ ምልክት ነው፣ አያውቀውም። በአማርኛ ሰሌዳም እንደዚያው ነው። ፓስወርድ ስትጽፉ ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ወደዳችሁት ቋንቋ መመለስ ትችላላችሁ። የእናታችን ስልክ በሽታ ይኸው ነበር።

ከመጻፍ የሚሻልም አለ። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ ወዲህ የወጡ ስልኮች፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ ዋይፋዩን «ሼር» ሲሏቸው ባለአራት ማዕዘን ሥዕል ያሳያሉ፤ ኪውአር ኮድ ይባላል። አዲሱ ስልክ በካሜራው ሲያየው ይገባል። ማንም ፊደል አይሳሳትም።

ቀጥሎ የመቆለፊያው ዓይነት ነው። ዋይፋይ ሲጀመር እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው መቆለፊያ «ዌፕ» ይባል ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ደካማነቱ ታወቀ። በ2003 ደብሊው ፒ ኤ፣ በ2004 ደብሊው ፒ ኤ 2፣ በ2018 ደግሞ ደብሊው ፒ ኤ 3 መጣ። አዲስ ራውተር ገዝታችሁ 3ን ብቻ እንዲቀበል ከተደረገ፣ ሱቅ ውስጥ አዲስ ተብሎ የተሸጠላችሁ ርካሽ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን 2ን ብቻ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ይከለከላል። በአንጻሩ ራውተሩ አሮጌ ሆኖ የድሮው መቆለፊያ ላይ ከቀረ አዲሱ ስልክ «ይህ ደካማ ነው» ብሎ ያስጠነቅቃል፣ አንዳንዱም እምቢ ይላል። ለቤት የሚስማማው ደብሊው ፒ ኤ 2 ነው፤ ካለው ደግሞ 2 እና 3 በአንድነት የሚለው። ሁለቱን በአንድነት ስታደርጉት የሚያኮርፍ ዕቃ ካለ 2 ላይ ብቻ ተዉት። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ሰልችቷችሁ ፓስወርዱን ጨርሳችሁ አታንሡት። እንዲህ ያደረገ አንድ ሱቅ የወር ፓኬጁ በሁለት ቀን አልቆ በሩ ላይ የቆሙትን ልጆች ሲሳደብ ነበር። ልጆቹ ምን አጠፉ? በሩን የከፈተው እሱ።

አሁን የተጣሉትን ጎረቤታሞች ነገር ልንገራችሁ። በአንድ ግቢ አራት ቤተሰብ ሆነው በሲም ካርድ የምትሠራ ትንሽ ዋይፋይ በጋራ ይጠቀማሉ። እንዲህ ያሉት ትንንሽ ዕቃዎች የሚይዙት ቁጥር የተወሰነ ነው፤ እንደ ዓይነታቸው 10 ወይም 16 ወይም 32 ዕቃ። አራት ቤተሰብ ሲባል ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ካሜራው፣ የልጁ ታብሌት ሁሉ ይቆጠራል። ቦታው ሲሞላ አዲሱ ስልክ ይከለከላል፤ ስልኩ ደግሞ «ሞልቷል» ብሎ አይናገርም፣ «መገናኘት አልተቻለም» ብሎ ዝም ይላል። ሰውየው ታዲያ ተከለከልኩ ብሎ አሰበ፤ ሌላኛው በነገር ተናደደ። ሁለት ስልክ አጥፍተው ቢሞክሩ ወዲያው ይታወቅ ነበር። ይህን ካልኩ ዘንድ አንድ አስተያየት ልጨምር፤ አከራዮች ሆናችሁ ተከራይ እንዲጠቀም ካልፈለጋችሁ በግልጽ ተናገሩ። «ተበላሽቷል» እያሉ ማባረር ጎረቤትነት አይደለም፤ እኔንም ያልተበላሸ ዕቃ ያስጠግናል።

ሌላው የመታወቂያ ነገር ነው። እያንዳንዱ ዕቃ እንደ ቀበሌ መታወቂያ የራሱ ቁጥር አለው፤ ማክ አድራሻ ይባላል። አንዳንድ ጠንቃቃ ሰዎች ራውተራቸው የተመዘገበ ቁጥር ያለውን ብቻ እንዲያስገባ ያደርጋሉ። ድሮ ይህ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ አንድሮይድ፣ ከ2020 ወዲህ አይፎን፣ ባለቤቱን ማንም እንዳይከታተለው ብለው በየዋይፋዩ የተለየ የውሸት ቁጥር ይሰጣሉ። እናንተ ከካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር መዝግባችኋል፤ ስልኩ ሌላ ቁጥር ይዞ በሩ ላይ ይቆማል፤ ዘበኛው አላውቅህም ይለዋል። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ የሚከለከልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በስልኩ ላይ የዋይፋዩን ስም ተጭናችሁ «ፕራይቬሲ» ከሚለው ውስጥ የስልኩን እውነተኛ ቁጥር እንዲጠቀም ምረጡ፤ በአይፎን «ፕራይቬት ዋይፋይ አድራሻ» የሚለውን አጥፉት። ከእኔ ከጠየቃችሁኝ ግን ምዝገባውን ተዉትና ጠንካራ ፓስወርድ ይኑራችሁ።

ሦስተኛው ገብቶ የማይሠራው ነው። እዚህ ላይ መጀመሪያ አሮጌው ስልክም እንደማይሠራ እዩ። ሁሉም ካልሠሩ ፓኬጁ አልቋል፣ ወይም መስመሩ ተቋርጧል። በፋይበር ገመድ የሚሠራ ራውተር ላይ ቀይ መብራት ከበራ ብርሃኑ ከውጭ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ ስልካችሁን ብትቀጠቅጡት አይመጣም። የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ከሆነ 994 ደውሎ ማሳወቅ ነው። ሁሉም እየሠራ አዲሱ ብቻ ካልሠራ ግን ቀኑን ተመልከቱ።

ቀኑን ስል ትስቁ ይሆናል። አዲስ ስልክ ሲከፈት አንዳንዱ ቀን ሙሉ ብሎ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የምናውቀው የእኛን ዓመተ ምሕረት ነው፤ እሱን እንሞላለን። ስልኩ ግን የፈረንጁን ነው የሚያውቀው፤ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው። ድረ ገጾች የሚከፈቱት የዘመን ገደብ ያለው ማረጋገጫ ወረቀት እያሳዩ ነው። ስልኩ ወረቀቱን ሲያይ «ይህ ገና ወደፊት የሚጻፍ ነው፣ ሐሰተኛ ነው» ብሎ ይዘጋል። ዋይፋዩ ገብቷል፣ ገጹ አይከፈትም፤ ሰው ዋይፋዩን ይወቅሳል። ቀንና ሰዓት ከሚለው ገብታችሁ «በራሱ ይሙላ» የሚለውን አብሩ። ሲም ካርድ የሌለው ታብሌት ከሆነ በእጃችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለ ጀመረ ልጆቻችን በታብሌት መለማመድ ይፈልጋሉ፤ በዚህች ቀን ምክንያት ልምምድ የቀረበት ልጅ አውቃለሁ።

አሁን የምናገረው ከሁሉ የባሰው ነው፤ እባካችሁ ስሙኝ። በራውተሩ ጀርባ መርፌ የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሪሴት ትባላለች። ሰው ሁሉ «እሷን ተጫናት» ይላል። ማጥፋትና ማብራት ሌላ ነው፤ ከሶኬት ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሡት፣ ምንም አይጎዳም፣ ብዙ ጊዜም ያድናል። ያቺ ቀዳዳ ግን በውስጡ የተጻፈውን ሁሉ ታጠፋለች። የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ መስመሩ ሲገባ ቴክኒሺያኑ የሞላው የመግቢያ ስምና ቁጥር ካለ እሱም አብሮ ይሄዳል። አንድ ስልክ ላስገባ ብሎ ቤቱን በሙሉ ያስወጣ ሰው በሠፈራችን አለ፤ ሰው መጥቶ እስኪሞላለት ሦስት ሳምንት ቆየ። ያን ጊዜ ሁሉ ያ መግቢያ ስም የተጻፈበት ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ነበር። ስለዚህ ያንን ወረቀት ፈልጉ፣ ፎቶ አንሡት፣ በሁለት ሰው ስልክ ይቀመጥ።

ከሪሴት በፊት የሚደረግ ሌላ ቀላል ነገር አለ። በስልኩ ላይ የዋይፋዩን ስም ተጭናችሁ «ፎርጌት» የሚለውን ንኩ፤ የያዘውን አሮጌ ፓስወርድ ይረሳል፤ እንደ አዲስ ጻፉለት። ፓስወርድ ከቀየራችሁ በኋላ የሚያስቸግረው አብዛኛው በዚህ ያልቃል።

ወደ ራውተሩ ሴቲንግ ለመግባት ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት እዩ፤ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 የመሰለ ቁጥር አለው። በዚያው ዋይፋይ ላይ ባለ ስልክ ብራውዘር ላይ ስትጽፉት ገጹ ይመጣል። ስታስተካክሉ አንድ ነገር ቀይሩ፣ ሞክሩ፤ ካልሆነ መልሳችሁ ሌላውን ቀይሩ። አምስት ነገር በአንዴ ቀይሮ የሚጠራኝ ሰው የቱን እንደ ቀየረ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በጽሕፈት ቤታችን ሁለት ተማሪዎች ከእኔ ጋር ይቀመጣሉ። አይከፈልም። የምትመጡ ሰዎች አዲሱን ስልክና የሚሠራውን አሮጌውን ይዛችሁ ኑ፤ ከራውተሩ ሥር ያለውን ወረቀት ፎቶ አንሡ፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ፣ ስልኩ የሚያሳየውንም ጽሑፍ እንዳለ ጽፋችሁ አምጡ። ራውተሩን ራሱን ነቅላችሁ እንዳታመጡት።